ቤት የሚያሳብቅ ካርታ

ወዳጆቼ፣ እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ባለፈው ሳምንት የረገጣችሁትን ቦታ ሁሉ በሱንድቢበሪ ካርታ ላይ በነጥብ አስፍሩ፤ ኢካ ሱቁን፣ የልጆቹን መዋያ (ዳጊስ)፣ የሃሎንበርየንን ሜትሮ ጣቢያ። ኮሚዩናችን በስፋት ከስዊድን ኮሚዩኖች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ዘጠኝ ካሬ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። እንዲያም ሆኖ ነጥቦቹን ያየ እንግዳ ሰው ቤታችሁ የት አካባቢ እንደሆነ ይገምታል።

የቫንኩቨር ፖሊስ የነበረው ኪም ሮስሞ በ1995 የዶክትሬት ጥናቱ ይህን ግምት ሒሳብ አደረገው። ደጋግሞ ወንጀል የሚፈጽም ሰው ከቤቱ በራቀ ቁጥር የመምታት ዕድሉ ይቀንሳል፤ እንዳይታወቅ ሲል ደግሞ ደጃፉ ላይ አይነካካም። ሒሳቡ ስም አይሰጥም። ፖሊስ የትኛውን ሰፈር ቀድሞ ይፈትሽ ለሚለው ግን መልስ አለው።

በፊልም የለመድነው ሌላው ዘዴ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ነው። የኤፍ ቢ አይ ሰዎች 36 የታሰሩ ነፍሰ ገዳዮችን አነጋግረው፣ ገዳዮችን «የተደራጀ» እና «ያልተደራጀ» ብለው ለሁለት ከፈሉ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቹ በ2004 የ100 ገዳዮችን ሥራ ሲመረምሩ ግን ክፍፍሉ አልታያቸውም። እኔ ወደ ካርታው የማደላው ለዚህ ነው።

የእንግሊዙን ዮርክሻየር ተመልከቱ። ሴቶችን የሚገድል ሰው ሲታደን፣ በ1979 አንድ ሰው «ገዳዩ እኔ ነኝ» የሚል ካሴት ላከ። ፖሊስም የድምፁን ቅላጼ ተከትሎ ወደ ሰንደርላንድ ሮጠ፤ ካሴቱ ውሸት ነበር። ስቱዋርት ካይንድ የተባለ ሳይንቲስት በ1980 መጨረሻ የጥቃቶቹን ቦታና ሰዓት አስልቶ ብራድፎርድን አመለከተ። ማምሻውን የደረሰ ጥቃት ከገዳዩ ቤት ርቆ፣ ሌሊት የደረሰ ግን ቀርቦ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ሰው ሲመሽበት ወደ ቤቱ ያዘነብላልና። 13 ሴቶችን የገደለው ፒተር ሳትክሊፍ በእርግጥም የብራድፎርድ ነዋሪ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልምጣ፤ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነውና። ከነሐሴ 1991 እስከ ጥር 1992 በስቶክሆልምና በኡፕሳላ «የሌዘር ሰውየው» የተባለው ዮን አውሶኒየስ 11 ሰዎችን ተኩሶ መታ፤ የመጀመሪያው ተጠቂ ኤርትራዊ ተማሪ ነበር። ኢራናዊው ተማሪ ጂሚ ራንጅባር ሞተ። ተጠቂዎቹ በመልካቸው የተመረጡ ስደተኞች ነበሩ። የጥቃቶቹን ቦታዎች ካርታ ላይ ስታሰፍሯቸው አንድ ሰፈር ላይ አይሰበሰቡም። የሮስሞ ሒሳብ የሚደክመው ደግሞ ለማደን ከሰፈሩ ርቆ በሚጓዝ ሰው ላይ ነው። መሣሪያውንም ለወጠ፤ ከጠመንጃ ወደ ሽጉጥ። መሣሪያ ሲለወጥ ጥቃቶቹን ማገናኘት ይከብዳል፤ ነጥቦቹ የአንድ ሰው መሆናቸው ካልታወቀ ደግሞ ካርታው ከመነሻው አይሠራም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይኸውላችሁ፦ ሰውየው በዚያው ዘመን ባንክም ይዘርፍ ነበር፤ በሰኔ 12፣ 1992 የተያዘውም ከባንክ ዝርፊያ በኋላ ነው። ስደተኞቹ የተመቱባቸውን ቦታዎች ብቻ የሚያይ መርማሪ የነጥቦቹ ሌላው ክፍል ያመልጠዋል፤ የተቀመጠው በዝርፊያ መዝገብ ውስጥ ነበርና።