የቨርጂኒያ 94ኛ ወረዳ፤ በዕጣ የተቋጨው ምርጫ

የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ አካል ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። ሴኔቱ 40 አባላት ሲኖሩት የተወካዮች ምክር ቤቱ ደግሞ 100 ወንበሮች አሉት፤ መቶዎቹም በየሁለት ዓመቱ መራጭ ፊት ይቀርባሉ። ሥረ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1619 በጄምስታውን ከተሰበሰበው ጉባኤ ይመዘዛል (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው ትልቅ ይሁን እንጂ ሥራው የትርፍ ጊዜ ነው። ለአንድ ተወካይ የሚከፈለው 17,640 ዶላር በዓመት ነው፤ መደበኛው ጉባኤም ረዘም በሚልበት ዓመት ለ60 ቀን ብቻ ይቀመጣል። ምርጫው የሚውለው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ስለሆነ ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። ይህ ግን ስህተት ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ የሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለ መንጃ ፈቃዱ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት በጀትና ስለ ሕክምና ድጎማው ውሳኔ የሚያገኘው በአብዛኛው ከክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ከሪችመንድ ነው፤ ዋሽንግተን በድልድይ ማዶ ብትታይም።

በኅዳር 2017 ምርጫ ዋዜማ ሪፐብሊካኖች ከመቶው ወንበር 66ቱን ይዘው ነበር። ይህን የሚያክል ብልጫ በአንድ ሌሊት ይናዳል ብሎ የገመተ ጥቂት ነው። ሆኖም በአገረ ገዥነት የተወዳደሩት ዴሞክራቱ ራልፍ ኖርዛም ሪፐብሊካኑን ኤድ ጊለስፒን በ9 ነጥብ ገደማ ሲያሸንፉ ፓርቲያቸውም 15 ወንበሮችን ነጠቀ። ምክር ቤቱ 51 ለ49 ሊሆን፣ ምናልባትም እኩል ለእኩል ሊከፈል ጫፍ ላይ ደረሰ። የመጨረሻውን ወንበር የያዘው በኒውፖርት ኒውስ ከተማ ይገኝ የነበረው 94ኛው ወረዳ ነበር። በዚያ ወንበሩን ይዘው የቆዩት ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ከዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ ጋር ተፎካከሩ፤ ጥቂት መቶ ድምፅ ያገኘ የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩም ነበረ። ከ23 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ።

በቨርጂኒያ ሕግ ልዩነቱ ከመቶ አንድ ካልበለጠ ተሸናፊው ድጋሚ ቆጠራ መጠየቅ ይችላል። ታኅሣሥ 19 ቀን ወረቀቶቹ እንደገና ሲቆጠሩ ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607 ሆኑ። ለአንድ ቀን ያህል መላው አሜሪካ የአንዲት ድምፅን ዋጋ ሲያወራ ዋለ። በማግስቱ ግን ውጤቱን የሚያጸድቀው የሦስት ዳኞች ችሎት አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ጻፊው በቆጠራው የሪፐብሊካኖች ወገን የነበረ ሰው ሲሆን፣ በቀደመው ቀን ዋጋ አልባ ተብላ የተቀመጠች አንዲት ወረቀት እንደገና ትታይ ይላል። በወረቀቷ ላይ የሁለቱም ዕጩዎች ክብ ተሞልቷል፤ በሳይመንድስ በኩል ያለው ግን በጭረት ተሰርዟል። ሪፐብሊካኖች «መራጩ ስህተቱን ሰርዟል፣ በሌሎቹም ውድድሮች የመረጠው የእኛን ነው» አሉ። ዴሞክራቶች በበኩላቸው በዚያችው ወረቀት በጊለስፒ ክብ ላይም ተጨማሪ ምልክት መኖሩን አሳዩ፤ ለጊለስፒ የተሰጠው ድምፅ ተሰርዟል ካልተባለ የሳይመንድስ ለምን ተሰርዟል ይባላል ሲሉም ሞገቱ። ዳኞቹ ድምፁ የያንሲ ነው ብለው ወሰኑ። 11,608 ለ11,608።

እዚህ ላይ ሕጉ አጭር ነው፤ ድምፅ እኩል ሲሆን ዕጣ ይወጣል ይላል። ሳይመንድስ ችሎቱ ውሳኔውን እንዲያጤነው ጠይቀው ሳይሳካላቸው ቀረ። ጥር 4 ቀን 2018 በሪችመንድ የክፍለ ግዛቱ ምርጫ ቦርድ ተሰበሰበ፤ የሁለቱ ስሞች በየራሳቸው ወረቀት ላይ ታትመው የካሜራ ፊልም በሚያዝባቸው ትናንሽ ዕቃዎች ተከተቱ፤ ዕቃዎቹም ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በተዋሱት የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገቡ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጃቸውን ሰደው አንዱን አወጡ። ዴቪድ ያንሲ። ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው ከስድስት ቀን በኋላ ጉባኤውን ከፈቱ፤ ኪርክ ኮክስንም አፈ ጉባኤ አደረጉ።

ይህ ታሪክ ሲነገር አድማጭ የሚስቀው ሳህኑ ላይ ሲደርስ ነው። የዓለም ኃያል አገር ሕግ አውጪዋን እንደ ሎተሪ አወጣች ይባላል። እኔ ግን በዚያ ምርጫ ውስጥ እንደ ዕጣው ንጹሕ የሆነ ሂደት አላየሁም። ቆጠራ ልኬት ነው፤ ልኬት ደግሞ የስህተት ወሰን አለው። በ23 ሺህ ወረቀት ላይ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 1፣ ከዚያ 0 የሆነ ልዩነት የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ የመራጮቹ ፈቃድ በእጃችን ባለው መለኪያ ሊለይ ከማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ከዚህ ነጥብ በኋላ «እውነተኛው አሸናፊ እገሌ ነበር» የሚል ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው። ዕጣው የሚለው አላውቅም ብቻ ነው። በዚህ ላይ በካሜራ ፊት፣ የሁለቱም ወገን ሰዎች እያዩ፣ ለሁለቱም እኩል ዕድል ሰጥቶ ተጠናቀቀ። እቁብተኛ ዕጣውን የሚያምነው ሁሉም ባለበት ስለሚወጣ ነው፤ ልዩነቱ እቁብ ላይ ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፣ እዚህ ግን ተሸናፊው ሁለት ዓመት ሙሉ ከደጅ ይቆማል።

ምርጫው ለምን አልተደገመም የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። ሕዝብ ያልወሰነውን ነገር ለሕዝብ መመለስ ከሁሉ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ድጋሚ ምርጫ ያንኑ ጥያቄ ለዚያው ሕዝብ አይመልስም። በኅዳር ወጥቶ የመረጠው ሰው በየካቲት ብርድ ይወጣል ማለት አይደለም፤ የሚወጣውም ወንበሩ የምክር ቤቱን ብልጫ እንደሚወስን አውቆ፣ ከመላ አገሪቱ በሚጎርፍ ገንዘብና ማስታወቂያ ተከቦ ነው። ከዚህ የሚብሰው ጊዜው ነው። ጉባኤው ጥር 10 ቀን መከፈት ነበረበት። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቢከፈት ሪፐብሊካኖች 50 ለ49 ሆነው አፈ ጉባኤውን ይመርጡ፣ ኮሚቴዎቹንም ያዋቅሩ ነበር። ገለልተኛ የመሰለው መፍትሔ ሳይጀመር ለአንዱ ወገን ያደላ ነበር ማለት ነው።

ምክር ቤቱ ራሱ ይፍረድ የሚሉም አሉ። ለእነርሱ የሚሲሲፒ ታሪክ በቂ መልስ ነው። እዚያ በ2015 የአንድ ወረዳ ዕጩዎች እኩል 4,589 ድምፅ አግኝተው ጭራሮ ተጣጣሉ፤ ረጅሙ ለዴሞክራቱ ደረሰው። የሪፐብሊካኖች ብልጫ ያለበት ምክር ቤት ግን አምስት ድምፆችን ከቆጠራው አውጥቶ ወንበሩን ለራሱ ሰው ሰጠ፤ በዚያም ሦስት አምስተኛ ብልጫ አገኘ። ጭራሮ ፓርቲ የለውም፤ ምክር ቤት አለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለአንድ ወንበር ነው፣ አንድ ወንበር ደግሞ ምን ይለውጣል የሚል። ይህን የሚሉት ማስረጃ አላቸው። ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ብልጫቸውን ይዘው እያለ፣ ለዓመታት ሲያግዱት የነበረውን የሜዲኬይድ መስፋፋት በግንቦት 2018 አሳለፉ፤ እስከ 400 ሺህ የሚደርሱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች ከጥር 2019 ጀምሮ መታከም እንዲችሉ በሩ ተከፈተ። በምክር ቤቱ 19 ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር የቆሙት ስለ ሳህኑ ሳይሆን ፓርቲያቸው 15 ወንበር ሲያጣ ስላዩ ነው። ሁለተኛው ማስረጃ የበለጠ ይገርማል። በየካቲት 2019 የሴቶችንና የወንዶችን እኩልነት የሚደነግገው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከንዑስ ኮሚቴ ወጥቶ በሙሉ ጉባኤ እንዲታይ የቀረበው ሐሳብ 50 ለ50 ሆኖ ወደቀ፤ ከሪፐብሊካኖች ተለይተው የደገፉት ዴቪድ ያንሲ ነበሩ። ሳይመንድስ በዚያ ወንበር ቢቀመጡ ኖሮ ድምፁ ያው 50 ለ50 ነበር የሚሆነው።

ሆኖም ይህ ማስረጃ ጠለቅ ብለው ሲያዩት ተቃራኒውን ይናገራል። ያ ማሻሻያ በሴኔቱ አልፎ ሳለ በተወካዮች ምክር ቤት የሞተው በንዑስ ኮሚቴ በጥቂት ሰዎች ድምፅ ነው። በቨርጂኒያ የኮሚቴ አባላትን የሚሾመው፣ የትኛው ረቂቅ ለየትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ የሚወስነው አፈ ጉባኤው ነው፤ አፈ ጉባኤውን የሚያስቀምጠው ደግሞ 51ኛው ወንበር ነው። ምክር ቤቱ 50 ለ50 ቢሆን ኖሮ ሥልጣን መጋራት ግድ ይሆን ነበር፤ በ1998 ሁለቱ ፓርቲዎች ከሞላ ጎደል ሲተካከሉ እንዲህ ሆኗል። ስለዚህ ያ ወንበር የተመዘነው ያንሲ እጃቸውን ባነሱበት ቀን አይደለም። የተመዘነው ጉባኤው በተከፈተበት ቀን፣ አጀንዳ የሚይዘው ማን እንደሆነ ሲወሰን ነው። ቨርጂኒያ ማሻሻያውን ያጸደቀችው በጥር 2020፣ ብልጫው ከተገለበጠ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወንበሩ ይህን ያህል ክብደት ካለውና ዕጣው ንጹሕ ከሆነ መቆጣት የሚገባን በምን ላይ ነው? በዚያው ምርጫ፣ ፍሬድሪክስበርግና ስታፎርድን ይነካ በነበረው 28ኛው ወረዳ በሆነው ላይ። እዚያ ሪፐብሊካኑ ቦብ ቶማስ ዴሞክራቱን ጆሹዋ ኮልን ያሸነፉት በ73 ድምፅ ነው። በኋላ ሲጣራ 147 መራጮች የራሳቸው ያልሆነ ወረዳ ወረቀት እንደተሰጣቸው ታወቀ። መዝገቡ ላይ ቤታቸው በስህተት ከሌላ ወረዳ ገብቶ ነበር። ሁሉም ለአንድ ወገን ይመርጡ ነበር የሚል የለም፤ ውጤቱ ይገለበጥ እንደነበርም ማረጋገጥ አይቻልም። ቁም ነገሩም እሱው ነው። ድምፅ ምሥጢር ስለሆነ ወረቀቱ አንዴ ሳጥን ከገባ ማን ምን እንደመረጠ ተመልሶ አይገኝም። ጉዳዩ የቀረበላቸው የፌዴራል ዳኛ ጣልቃ ለመግባት አልፈቀዱም፤ ቶማስም ወንበራቸውን ያዙ። የኒውፖርት ኒውሷን ወረቀት ሦስት ዳኞች አይተዋታል፣ ጠበቆች ተከራክረውባታል፣ ጋዜጦች ፎቶዋን አውጥተዋል። የ147ቱን ስህተት ግን ሳህን የለውምና የሚያስታውሰው የለም።

ሌላው የተረሳ ነገር የወረዳ ካርታ ነው። በዚያ ዓመት በመላ ክፍለ ግዛቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ከተሰጠው ድምፅ ዴሞክራቶች ከመቶ 53 ያህሉን አግኝተው 49 ወንበር ይዘዋል። ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ተገቢ አይደለም፤ አንዱ ፓርቲ ዕጩ ያላቀረበባቸው ወረዳዎች ስለነበሩ ድምሩ የተዛባ ነው። ነገር ግን በሰኔ 2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከመቶዎቹ 11 ወረዳዎች ጥቁር መራጮችን በዘራቸው ለይተው ያጎሩ በመሆናቸው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ብሎ ፈረደ። በርከት ያሉ ወረዳዎች፣ 94ኛውም ጭምር፣ እንደገና ተሠመሩ። በ2019 ሳይመንድስና ያንሲ ዳግም ሲገናኙ ሳይመንድስ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ፤ ዴሞክራቶችም ምክር ቤቱን 55 ለ45 ያዙ። ያን ጊዜ ዕጣ አላስፈለገም። ከሁለት ዓመት በፊትም መስመሩ በትክክል ተሠምሮ ቢሆን ኖሮ ጎድጓዳው ሳህን ከሙዚየሙ ላይወጣ ይችል ነበር።

አንድ ነገር ለምርጫ ቦርዱ መመስከር ይገባል። ከዚያ ምርጫ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2017፣ ወረቀት የማይተዉትን የንክኪ ድምፅ መስጫ ማሽኖች ከአገልግሎት አስወጥቷል። ስለዚህ በመላ ቨርጂኒያ መራጭ የነካው ወረቀት ነበረ፤ ጭረቷ ስሕተት ናት አይደለችም ብሎ መከራከር የተቻለውም የሚታይ ነገር ስለነበረ ነው። ማሽን ቁጥር ብቻ ቢተፋ ኖሮ ክርክሩ በእምነት ላይ ይሆን ነበር።

ዜግነት አግኝታችሁ በቨርጂኒያ የምትመርጡ አንባቢዎች፣ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ምዝገባችሁን ከክፍለ ግዛቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት አስተካክሉ፤ ወረቀቱንም ስትቀበሉ ከላዩ ያለው የወረዳ ቁጥር የእናንተ መሆኑን አንብቡ። ክብ ተሳስታችሁ ከሞላችሁ ጭረት አታስምሩ። የተበላሸውን መልሳችሁ አዲስ ወረቀት መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ይህን ሁሉ ግን ወረቀቱ ቆጣሪው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት አድርጉት።