ጣት ሲደነዝዝ እጀታውን ይመልከቱ

በቤን ሸመን ጫካ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ብስክሌት የሚነዱ አንዳንድ አባቶች ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሲደነዝዙባቸው «ዕድሜ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመሪው እጀታ ነው። የሰውነት ክብደት በመዳፍ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል።

በጣም ቀጭን እጀታ አጥብቆ መጨበጥን ያስገድዳል፤ በጣም ወፍራሙም ክንድ ያደክማል። በመዳፍ በኩል ሰፋ ያለው ክብደቱን ያከፋፍላል። በብሎን የሚታሰረው ደግሞ ቁልቁለት ላይ እጅ ውስጥ አይዞርም፤ የሚዞር እጀታ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሱቁ ውስጥ ጨብጦ መሞከር ነው፤ ጓንት የሚያደርግም ከነጓንቱ።

እጀታው ተቀይሮም መደንዘዙ ካልለቀቀ፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው፣ ሳይውል ሳያድር ኩፓት ሆሊም ሄዶ ለሐኪሙ ይንገር።