ጎልድ ካፕ ሳምንት ሲቀረው

በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከቼልተናም ከተማ አጠገብ፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ለአራት ቀን የመሰናክል ዝላይ የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄዳል። በመጨረሻው ቀን ትልቁ ውድድር ጎልድ ካፕ ነው። ፈረሶቹ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ይጋልባሉ፤ 22 መሰናክል ይዘልላሉ፤ ማብቂያው ደግሞ ዳገት ነው።

ተመልካች የሚያየው ይህንኑ ጥቂት ደቂቃ ነው። አሰልጣኙ ግን ለዚያች ቀን ወራት ሙሉ ለፍቷል። ልምምዱ ካነሰ ፈረሱ ዳገቱ ላይ ይዝላል፤ ከበዛ ሳይደርስ ይጎዳል። አሰልጣኙ ማታ ማታ እጁን በፈረሱ የፊት እግሮች ጅማት ላይ ቁልቁል እየሰደደ ሙቀት ይፈልጋል። ትንሽ ከሞቀ ጅማቱ ሳይጎዳ አልቀረም፤ የወራቱ ድካምም በዚያች ምሽት ያበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ወይዘሮ ሄንሪየታ ናይት ተስፋቸው ሁሉ ቤስት ሜት በተባለው ፈረስ ላይ ነበር። ቀድሞ አስተማሪ የነበሩት እኚህ አሰልጣኝ በ2002፣ በ2003 እና በ2004 ጎልድ ካፕን በዚሁ ፈረስ አከታትለው ወስደዋል። ሲሮጥ ግን ማየት አይሆንላቸውም፤ ፍርሃቱ ስለሚበረታባቸው ገለል ይሉ ነበር። በዓመት ጥቂት ውድድር ብቻ ስለሚያሰልፉትም “ፈረሱን አቅብጠው ያዙት” የሚሉ አልጠፉም። እኔ ልክ ነበሩ እላለሁ፤ ቤስት ሜት በሩጫ ዘመኑ ሁሉ መሰናክል ላይ አንድም ጊዜ አልወደቀም።

ለአራተኛው ድል ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ሳለ የደም ሥሩ ተበጠሰ። ፈረስ ሲጋልብ ልቡ በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ ይመታል፤ በሳንባው ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊትም እጅግ ይጨምራል። አንዱ ሲፈነዳ ደሙ በአፍንጫ ሊመጣ ይችላል፤ ፈረስ ደግሞ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው። ወይዘሮ ናይት ከውድድሩ አወጡት። በዚያው ዓመት ኅዳር 1 ቀን ኤክሰተር ላይ ወደ ሩጫ ተመለሰ፤ ጋላቢው መድከሙን አይቶ አቆመው፣ ፈረሱም ወዲያው ወድቆ ሞተ።

ከዚያው የመጋቢት ጎልድ ካፕ በፊት አየርላንድ ውስጥ ቶም ታፍ የተባሉ አሰልጣኝም ተመሳሳይ ጭንቅ ላይ ነበሩ። ኪኪንግ ኪንግ የተባለው ፈረሳቸው ልምምድ ላይ አልሆነለትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሐኪሙ በፈረሱ አፍንጫ ቀጭን የካሜራ ቱቦ አስገብቶ እስከ አየር ቧንቧው ይወስደዋል፤ ከዚያም ፈሳሽ ቀድቶ ይመረምራል። ንፍጥ ከተገኘ፣ ነጭ የደም ሕዋስም ከበዛ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ፈረሱ ግን ላይ ላዩን ሲታይ ይበላል፣ ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ላይስልም ይችላል። አሰልጣኝን የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ ሕመሙን የሚያውቀው ፈረሱ ነው፣ መናገር ግን አይችልም።

የኪኪንግ ኪንግ ምርመራ መጥፎ ሆነ፤ ታፍም ፈረሱ ከጎልድ ካፕ መቅረቱን አሳወቁ። አባታቸው ፓት ታፍ በ1960ዎቹ አርክል በተባለው ዝነኛ ፈረስ ጎልድ ካፕን ሦስት ጊዜ ያሸነፉ ጋላቢ ነበሩና፣ ውድድሩ ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈረሱ አገገመ፤ ልምምዱም ተስተካከለ። መጋቢት 18 ቀን ከተሰለፉት አንዱ ሆነ፤ ዳገቱንም ማንም ሳይቀድመው ወጥቶ ጎልድ ካፕን አሸነፈ።