ከሥራ ተባረሩ? የ3 ወሩን ቀን ዛሬውኑ ይቁጠሩ

በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ያለአግባብ ሲሰናበት በእኛ ዘንድ የሚሆነው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ «አላህ ያውቃል» ብሎ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይላካል። አሠሪውም «እስኪ እናየዋለን» ይላል። በዚህ መሀል ሁለት ሦስት ወር ያልፋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከአሠሪው በኩል ቀድሞ የሚነሳው መቃወሚያ «ክሱ በይርጋ ታግዷል» የሚል ነው። መቃወሚያው ተቀባይነት ካገኘ ሠራተኛው ተበድሎ እንደሆነ እንኳ ሳይመረመር መዝገቡ ይዘጋል።

ይርጋ ምንድን ነው?

ይርጋ አንድን መብት በፍርድ ቤት ለመጠየቅ ሕግ የሚያስቀምጠው የጊዜ ገደብ ነው። በኢስላማዊ የፍትሕ ታሪክም እንግዳ አይደለም። በኦቶማኖች ዘመን የተዘጋጀው «መጀለ» የተባለው ሕግ ሐቅ በጊዜ ብዛት እንደማይሰረዝ ይደነግጋል፤ ሆኖም ከተወሰነ ዓመት በኋላ የመጣን ክስ ዳኛው እንዳይሰማ ይከለክላል። የሰው ሐቅ በወሰደው ሰው አንገት ላይ እስከ ቂያማ ይቆያል፤ በዚህች ዓለም የሚዘጋው የችሎቱ በር ነው።

የጊዜ ገደቦቹ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ገደቡ እንደሚጠየቀው ነገር ይለያያል፦

• ወደ ሥራ ለመመለስ፦ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 3 ወር።
• ላልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች፦ ሊከፈል ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር።
• ከስንብቱ ለሚመነጩ ክፍያዎች፣ ለምሳሌ ለካሳና ለማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፦ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 6 ወር።
• የተለየ ጊዜ ላልተወሰነለት ሌላ የሥራ ክርክር፦ 1 ዓመት።

ቆጠራው የሚጀምረው መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ማግስት ነው። የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ጥቅምት 5 የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው ለመመለስ እስከ ጥር 5፣ ካሳና ሌሎች ክፍያዎችን ለመጠየቅ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 5 ክሱን ማቅረብ አለበት። ስለዚህ 3 ወሩ ያለፈበት ሰው ሁሉም ነገር አበቃ ብሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ የገንዘብ ጥያቄው ገና ሊኖር ይችላል።

የትርፍ ሰዓት ጉዳይ ብዙዎችን ይጎዳል። ለ2 ዓመት ሳይከፈለው የሠራ ሰው በፍርድ ቤት ሊያስከብር የሚችለው በመሠረቱ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ብቻ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው አዘዋል። ከፋዩ ሲዘገይ ባለሐቁም በጊዜው መጠየቅ አለበት።

በሃይማኖት ምክንያት ሲሆን

አዋጁ አሠሪ በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሃይማኖት፣ ፆታ፣ ብሔር፣ እርግዝና እና የመሳሰሉት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆኑም። ሠራተኛው በእነዚህ ምክንያት መባረሩ ከተረጋገጠ አሠሪው ወደ ሥራው የመመለስ ግዴታ አለበት፤ መመለስ ካልፈለገ ደግሞ ካሳ ተከፍሎት ይሄዳል። ሳይባረር በደረጃ ዕድገት ወይም በጥቅማ ጥቅም አድልዎ የተፈጸመበት ሰውም ቢሆን መቁጠር አለበት፤ ለዚህ ተለይቶ የተቀመጠ ጊዜ ስለሌለ የሚሠራው የ1 ዓመቱ ገደብ ነው።

«በሒጃብሽ ምክንያት» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ ግን እምብዛም አይገኝም። ደብዳቤው «የሥራ መቀነስ» ወይም «የሥነ ምግባር ጉድለት» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተባለውን፣ የተላከውን መልእክትና የሰሙትን ሰዎች ከነቀኑ መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። በቃል ብቻ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» የተባለች እህት በማግስቱ ከምስክር ጋር ሥራ ቦታዋ ትገኝ፤ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽላትም በደብዳቤ ትጠይቅ፤ ኮፒውንም ታስቀር። አለበለዚያ «እኔ አላባረርኳትም፣ ራሷ ቀረች» የሚል መልስ ይመጣል። ቁርኣን በአል በቀራ ምዕራፍ ዕዳን እንድንጽፍና ምስክር እንድንይዝ ያዘዘን ሐቅ እንዳይጠፋ ነው።

ሽምግልናው ቀኑን አያቆምም

ሱልህ መልካም ነው፤ አላህም ያወደሰው ነው። ነገር ግን ሽማግሌ መላክም ሆነ ለሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ ማመልከት በራሱ ይርጋን አያቋርጥም። ቆጠራውን የሚያቋርጠው የሥራ ክርክርን ለሚወስን አካል ክስ ማቅረብ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ማመልከት ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ማመኑ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች «አሠሪው አምኗል» ሲሉ እምነቱን በጽሑፍ ያስፈርሙ። የመጨረሻው ቀን ከተቃረበ ደግሞ ክሱ ይከፈት፤ ዕርቁ ከዚያ በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ ስምምነት ሲገኝ መዝገቡ በዕርቅ ይዘጋል።

ቀኑ ያለፈው በሠራተኛው ሕመም ወይም ከአቅም በላይ በሆነ መሰል ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሊቀበል ይችላል። ያም ቢሆን ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። የሕክምና ማስረጃ በእጅ ይኑር።

ማንን አይመለከትም?

የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎችና በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የእነሱ ጉዳይ በሌላ ሕግ ስለሚታይ ገደቡም ይለያል፤ ሳይዘገዩ የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ባሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ሊረዱ ይችላሉ።

ሶብር መልካም ነው፤ ሐቅን በጊዜው መጠየቅ ግን ከሶብር አያወጣም። ስንብቱ የደረሰው ሰው በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤው ጀርባ ላይ ሁለት ቀን ይጻፍ፦ የ3 ወሩንና የ6 ወሩን። ቀሪው ለአላህ ነው።

ወላሁ አዕለም።