ለሩጫ የሚሆን ቀላል ኪልት፦ ክብደቱ ያለው በሽንሽኑ ውስጥ ነው

ኪልት የስኮትላንድ ደገኛ ወንዶች ከወገባቸው እስከ ጉልበታቸው የሚያገለድሙት፣ ከፊት ሁለት ለጥ ያሉ ክንፎች ተደራርበው የሚያርፉበት፣ ከኋላ ግን ጥቅጥቅ ብሎ የተሸነሸነ የሱፍ ልብስ ሲሆን፣ የዛሬውን አጭር ቅርጹን የያዘው እ.ኤ.አ. በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። የተበጀው ለብርድ፣ ለሰልፍና ለክብረ በዓል እንጂ ለሩጫ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በካናዳ ኦንታሪዮ የምትገኘው የፐርዝ ከተማ ተወዳዳሪዎች ኪልት ታጥቀው የሚሮጡበትን ውድድር ታዘጋጃለች። ስለዚህ ለሯጭ የሚስማማው ኪልት የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የጨርቅን ባሕርይና የሰውነትን ሙቀት አብሮ መመርመርን ይጠይቃል።

ገዢዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚዳስሱት የጨርቁን ውፍረት ነው፤ ክብደቱን ይበልጥ የሚወስነው ግን ከኋላ ታጥፎ የተሰወረው የጨርቅ ርዝመት ነው። የኪልት ሱፍ የሚለካው ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ያርድ፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ፣ ስንት አውንስ እንደሚመዝን በማየት ሲሆን (አንድ አውንስ 28 ግራም ያህል ነው)፣ ከባዱ 16፣ መካከለኛው 13፣ ቀላሉ 10 ወይም 11 አውንስ ይመዝናል። ለሙሉ ኪልት 8 ያርድ በግማሽ ስፋቱ፣ ይኸውም 4 ያርድ ሙሉ ጨርቅ ስለሚፈጅ፣ ከባዱ ሱፍ 1.8 ኪሎ ግራም፣ ባለ 10 አውንሱ ደግሞ 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። መካከለኛው ሱፍ በግማሽ ርዝመት ቢሰፋ ግን 740 ግራም ብቻ ስለሚመዝን፣ ሽንሽኑ የሳሳ መካከለኛ ጨርቅ ሽንሽኑ ከበዛ ስስ ጨርቅ ይቀላል። በካሬ ሜትር 130 ግራም የሚመዝን ስስ የስፖርት ጨርቅ በ2 ሜትር ርዝመትና በ45 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢቆረጥ ደግሞ 120 ግራም እንኳ አይሞላም።

ክብደት የሚያርፍበት ቦታም ለሯጭ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ በወገብ ላይ የታሰረ ሸክም እግር ላይ ከታሰረው ያነሰ ጉልበት የሚጠይቀው እግር በየእርምጃው ስለሚወረወርና ስለሚገታ ነው። ኪልት ከወገብ ቢንጠለጠልም የታችኛው ጠርዙ ከእግር ጋር የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ በደቂቃ 170 ጊዜ የሚራመድ ሯጭ ያን ጠርዝ በጭኑ 170 ጊዜ ይገፋዋል። ጥልቅና ከባድ ሽንሽን አንዴ ከተወዛወዘ በኋላ ከእግሩ ጋር እኩል ስለማይመለስ፣ ሯጩ ከራሱ ልብስ ጋር ይታገላል። በዚህ የተነሳ የሩጫ ኪልት ሽንሽኑ ጥቂት፣ ጠርዙም ከጉልበት በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ላብን በተመለከተ ፍርዱ ቀላል አይደለም። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ከቆዳ ይዞ ስለሚሄድ፣ ጥሩ ጨርቅ ይህን ትነት የማያግድ ነው። ሱፍ በፋይበሩ ውስጥ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ እንኳ ለእጅ እርጥብ መስሎ ላይሰማ ይችላል፤ ይህም በብርድ ምቾት ቢሰጥም፣ ፈጽሞ ደርቆ 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝንን ኪልት በ450 ግራም ያከብደዋል። ፖሊስተር በፋይበሩ ውስጥ የሚይዘው ውኃ ከ1 በመቶ በታች በመሆኑ በፍጥነት ይደርቃል፤ የላብ ጠረንን ግን ከሱፍ ይልቅ ይዞ ያቆያል። በመሆኑም በቀዝቃዛና በሚያካፋ አየር ለሚደረግ አጭር ሩጫ ስስ ሱፍ ሊናቅ የማይገባው ሲሆን፣ ለረጅም የበጋ ሩጫ ፖሊስተር የተሻለ ነው። ጥጥ ውኃ መጥጦ ስለሚከብድና ለመድረቅ ስለሚዘገይ ለሁለቱም አይመከርም።

ቅለት ከልክ ሲያልፍ ነፋስ ችግር ይሆናል። የአየር ግፊት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ቢገጥመው፣ ልብሱን የሚገፋው ኃይል ነፋስ ከሌለበት ጊዜ 4 እጥፍ ይሆናል። የጥንቱን ኪልት ወደ ታች ይዞት የነበረው የሽንሽኑ ክብደት ስለነበር፣ ያ ክብደት ሲወገድ የፊተኛው ክንፍ በደንብ የተደራረበ፣ ቅምቅማቱም ትንሽ ወፈር ያለ መሆን አለበት። ከሥር ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ቁምጣ መልበስ ገላን ከመሸፈኑም በላይ ጭን ከጭን እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ የረጠበ ቆዳ ከደረቀው ይልቅ ሰበቃው ስለሚበዛ በላብ ጊዜ የሚላላጠው ይኸው ቦታ ነው።

ወገቡ ላይ የብረት ዘለበት ካለ አጥንት ስለሚቆረቁር ሰፊ ላስቲክ ይሻላል፤ ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የተባለ የቆዳ ከረጢትም እየዘለለ ስለሚመታ በተሰፋ ኪስ መተካት አለበት። ከውድድሩ ቀን በፊት ጭንን ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን አንስቶ ክንፉ እንደማይይዘው ማየት፣ ከዚያም ጠርዙን በውኃ አርጥቦ ጥቂት ኪሎ ሜትር መሮጥ ያስፈልጋል፤ በደረቁ ለስላሳ የነበረ ቅምቅማት ሲረጥብ ጭንን ሊልጥ ይችላልና።