ታብሌት ፋሽኑ አልፎበታል እንዴ?

“ታብሌት እኮ ሞተ፤ አሁን ማን ይገዛዋል?” ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ወሬው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የብላክቤሪ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ቶርስተን ሄይንስ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሰው ታብሌት የሚይዝበት ምክንያት አይኖርም ብለው ነበር። አምስቱ ዓመት አለፈ፣ ሌላ አምስት ተደገመ፤ ታብሌቱ አሁንም ሱቅ ውስጥ አለ። ብላክቤሪ ግን ስልክ መሥራቱን ራሱ አቁሟል። ይህን ያልኩት በሰውየው ለመሳቅ አይደለም። የታብሌት ሽያጭ ብዙም ሳይቆይ እውነትም መውረድ ጀምሯል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ አንድ ዕቃ ሽያጩ ወረደ ማለት ሰው ጠላው ማለት ነው ወይ?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። “እ.ኤ.አ.” እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ለመሆኑ ታብሌት የሚለው ቃል ከየት መጣ? በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ትርጉሙ የሚጻፍበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። እኛ የሙሴ ጽላት የምንለው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታብሌት ተብሎ ይገኛል። በቁርዓን ቤት ልጆች የሚማሩበት የእንጨት ሉህም ያው ታብሌት ነው። ስለዚህ ዕቃው አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ በጣም የቆየ ነው። ኮምፒውተርን እንደ ሉህ ጠፍጣፋ የማድረጉ ሐሳብም ቢሆን ከአይፓድ ብዙ ይቀድማል። አለን ኬይ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ1972 ልጆች ይዘውት የሚዞሩት “ዳይናቡክ” የተባለ መሣሪያ ምን መምሰል እንዳለበት ጽፎ ነበር፤ ያኔ ግን የሚሠራበት ቴክኖሎጂ ገና አልተፈጠረም። ማይክሮሶፍትም በ2002 በብዕር የሚታዘዙ ታብሌቶችን ከኮምፒውተር አምራቾች ጋር ሆኖ ገበያ ላይ አውጥቷል። ከባድ ነበሩ፣ ውድ ነበሩ፤ ብዙ ሰው አልገዛቸውም።

ነገሩ የተለወጠው በ2010 ነው። ስቲቭ ጆብስ በዓመቱ መጀመሪያ አይፓድን አሳየ፤ በሚያዝያ ሽያጭ ላይ ዋለ። መነሻ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። በ28 ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ታብሌት ያልሠራ ኩባንያ የለም ማለት ይቻላል። ኤችፒ በ2011 ያወጣውን ታችፓድ በሰባት ሳምንት ገደማ ውስጥ ተስፋ ቆርጦ አቆመውና የቀረውን በ99 ዶላር ቸበቸበው። ጆብስ ራሱ ያን ጊዜ አንድ የታወቀ ምሳሌ ሰጥቶ ነበር፦ ኮምፒውተር ወደፊት እንደ ጭነት መኪና ይሆናል፣ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙሃኑ ግን እንደ ቤት መኪና ታብሌቱን ይነዳል የሚል። አልሆነም። በ2023 በዓለም ላይ ወደ ገበያ የወጣው ኮምፒውተር ከታብሌቱ እጥፍ ገደማ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አይዲሲ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ዙሪያ ወደ ገበያ የተላከው ታብሌት በ2014 ጣሪያውን ነካ፤ 230 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ከዚያ በየዓመቱ እየወረደ በ2019 ወደ 144 ሚሊዮን ወረደ። የአፕልን ብቻ ብናይ፣ በ2013 የበጀት ዓመት 71 ሚሊዮን ገደማ አይፓድ የሸጠው ኩባንያ በ2018 የሸጠው 43 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው። ይህን ግራፍ ብቻ ያየ ሰው “በቃ፣ አለቀለት” ቢል አይፈረድበትም።

እስቲ ግን ቆም እንበል።

የምጣዱ ሻጭ

አንድ ሺህ ቤተሰብ ያለባት ከተማ እናስብ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገና ገባ። በመጀመሪያው ዓመት 200 ቤተሰብ ገዛ፣ በሁለተኛው ዓመት ጎረቤት አይቶ 500 ገዛ፣ በሦስተኛው የቀሩት 300 ገዙ። በአራተኛው ዓመት ስንት ምጣድ ይሸጣል? ምጣዱ ካልተበላሸ ዜሮ! ሻጩ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ “ምጣድ ሞተ” ይላል። በአንድ ሺሁም ቤት ግን እንጀራ እየተጋገረ ነው። ምጣድ በከተማዋ ታሪክ የዚያን ዓመት ያህል ተወዶ አያውቅም።

እዚህ ላይ የምናምታታቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በዓመት የሚገባው ብዛት ነው፣ እንደ ጅረት። ሌላው በቤቱ ያለው ብዛት ነው፣ እንደ ኩሬ። ጅረቱ ቀነሰ ማለት ኩሬው ደረቀ ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚያያይዝ ቀላል ቀመር አለ። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1961 የሂሳብ ማረጋገጫውን ስላሳተመለት የሊትል ሕግ ይባላል። ነገሩ በተረጋጋ ሁኔታ ላይ ካለ፦

በአገልግሎት ላይ ያለው ብዛት = በዓመት የሚገባው × አንዱ የሚቆይበት ዓመት

ባንክ ውስጥ ስንት ሰው ተሰልፎ እንዳለ ለመገመትም ይሠራል፤ ሆስፒታል ውስጥ የተያዘውን አልጋ ለማስላትም ይሠራል። ወደ ከተማችን እንመልሰው። ምጣድ በአማካይ 2 ዓመት የሚቆይ ከሆነ፣ አንድ ሺሁን ቤት ምጣድ እንዳያጣ ለማድረግ በዓመት 500 መሸጥ አለበት። 5 ዓመት የሚቆይ ጠንካራ ምጣድ ከመጣ ግን 200 ይበቃል። አንድም ተጠቃሚ ሳይጠፋ ሽያጩ በ60 በመቶ ወረደ። ዕቃው ጥሩ በመሆኑ ሻጩ ተጎዳ ማለት ነው።

ለታብሌትም ይኸው ነው። በዓመት 150 ሚሊዮን ይገባል፣ አንዱ በአማካይ 5 ዓመት ያገለግላል ብለን ብንገምት (5 የእኔ ግምት ነው፣ የራሳችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት) በሰው እጅ 750 ሚሊዮን ታብሌት አለ ማለት ነው። ለሞተ ዕቃ ይህ ብዙ ነው።

ታብሌት ለምን ቶሎ አያረጅም?

ስልክና ታብሌት ውስጣቸው ይመሳሰላል፤ ኑሯቸው ግን አይመሳሰልም። ስልክ ኪስ ውስጥ ከላብና ከአቧራ ጋር ይኖራል፣ ታክሲ ላይ ይወድቃል፣ በየቀኑ ቻርጅ ይደረጋል። ታብሌት ቤት ይቀመጣል።

ልዩነቱ ባትሪው ላይ በደንብ ይታያል። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሞላና ሲያልቅ የሊቲየም ቅንጣቶች በሁለት ጫፎች መካከል ይመላለሳሉ። በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂቶቹ መንገድ ላይ በኬሚካል ተይዘው ይቀራሉ፤ አይመለሱም። ስለዚህ የባትሪ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ብቻ ሳይሆን በምልልስም ነው። አንድ ምልልስ ማለት በድምሩ 100 በመቶ መጠቀም ነው፤ ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ግማሽ ብትጠቀሙ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። አፕል አይፎን 14ንና ከዚያ በፊት የነበሩትን ስልኮች ከ500 ምልልስ በኋላ፣ አይፓድን ደግሞ ከ1,000 ምልልስ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ አድርጌ ነው የምሠራቸው ይላል። እንግዲህ አስሉት። በቀን አንድ ምልልስ የሚሄድ ስልክ 500 ላይ የሚደርሰው በዓመት ከአራት ወር ገደማ ነው። በሦስት ቀን አንዴ የሚሞላ አይፓድ 1,000 ላይ ለመድረስ ስምንት ዓመት ይፈልጋል! ሙቀት ይህን ሂሳብ ያበላሸዋል፤ ልዩነቱ ግን ልዩነት ነው።

የገንዘብም ነገር አለበት። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሰው ስልክ የሚወስደው ከቴሌኮም ኩባንያ ጋር የሁለት ዓመት ውል ገብቶ በቅናሽ ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ አዲስ ስልክ ይጠብቀዋል። ታብሌትን ግን አብዛኛው ሰው ሙሉ ዋጋውን ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚገዛው። ከኪስ ለሚወጣ ነገር ደግሞ ሰው ይቆጥባል፤ “ይሠራል አይደል? ይቆይ” ይላል።

ስልኩ ሲያድግ

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም ታብሌት ምንም አልደረሰበትም ብል ልክ አይሆንም። በእርግጥም ቦታ ተነጥቋል፤ የነጠቀው ደግሞ ስልክ ነው።

የስክሪን መጠን የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ነው። ዓይናችን የሚያየው ግን ስፋቱን ነው፣ ስፋት ደግሞ በርዝመቱ ካሬ ያድጋል። የ2010ሩ አይፎን 4 ስክሪን 3.5 ኢንች፣ አይፓዱ 9.7 ኢንች ነበር። ስፋታቸውን ብታሰሉት አይፓዱ የስልኩን 8 እጥፍ ነው። ከኪሱ ያን ትንሽ ስልክ ላወጣ ሰው አይፓድ ሌላ ዓለም ነበር። ከዚያ ሳምሰንግ በ2011 ባለ 5.3 ኢንቹን ጋላክሲ ኖት አመጣ። ብዙ ሰው ሳቀበት፤ ጆሮ ላይ የተለጠፈ መጽሐፍ ይመስላል ተባለ። በ2014 አፕል ራሱ ባለ 5.5 ኢንቹን አይፎን 6 ፕላስ አወጣ፤ የ8 እጥፉ ልዩነት ወደ 3.5 እጥፍ ወረደ።

በጣም የተጎዱት ግን ትንንሾቹ ባለ 7 ኢንች ታብሌቶች ናቸው። በ2012 በ199 ዶላር የወጣው ኔክሰስ 7 ከአይፎን 4 ጋር ሲተያይ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ከአይፎን 6 ፕላስ ጋር ሲተያይ ግን 1.7 እጥፍ ብቻ ነው። ለዚያች ልዩነት ሁለተኛ ዕቃ ማን ይሸከማል? የታብሌት ሽያጭ ጣሪያውን የነካው በዚያው በ2014 መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በአንድ ቤት ሦስት ልጅ በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት መማር ነበረበት። ለዓመታት ሲወርድ የነበረው ቁጥር በ2020 ወደ 164 ሚሊዮን፣ በ2021 ደግሞ ወደ 169 ሚሊዮን ወጣ። በ2023 ግን ወደ 128 ሚሊዮን ወደቀ፤ እንደገና “ሞተ” ተባለ። እናንተ ግን ምጣዱን ታስታውሳላችሁ፦ በ2020 የገዛ ሰው በ2023 ለምን ይገዛል? በ2024 ሽያጩ ዳግም ከፍ ማለቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ የኮቪዶቹ ታብሌቶች አራት ዓመት ሞላቸው። የገደል ማሚቶ ነው፣ ጩኸቱ ቆይቶ ተመልሶ ይሰማል።

እስከዚያው ታብሌት ሰው በማያይበት ቦታ ሥራ ይዟል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2013 አብራሪዎቹ ይዘውት የሚገቡትን 16 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የካርታና የመመሪያ ቦርሳ በአይፓድ ተካ። እኛም አገር ለአራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በወረቀት ፋንታ 180 ሺህ ገደማ ታብሌት ተዘጋጅቶ ነበር። ቆጠራው በተደጋጋሚ ተራዘመ። ባትሪ ደግሞ ምልልሱን ባይቆጥርም በሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ያረጃል፤ ጨርሶ ባዶ ሆኖ ለወራት ከተተወ እስከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል። ምልልስ ብቻውን ዕድሜን አይወስንም ያልኩት ለዚህ ነው።

“ታብሌት ልላክልህ ወይስ ላፕቶፕ?”

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህ ጥያቄ ይመጣባችኋል። የሽያጭ ግራፍ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳችሁም። የምታነቡት ፒዲኤፍ ከሆነ፣ የምትስሉ ከሆነ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ረጅም ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ከፈለጋችሁ ታብሌት ጥሩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለመጻፍና ኮድ ለመማር ግን ያው “ጭነት መኪናው” ይሻላል፤ የእኔ ምርጫ ላፕቶፑ ነው።

ያገለገለ ታብሌት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ረጅም ዕድሜ አለው ብዬ ያወራሁት ሊያሞኛችሁ አይገባም። ብረቱና መስታወቱ ደህና ሆኖ ሶፍትዌሩ ይሞታል። በ2011 የወጣው አይፓድ 2 ከ2016 በኋላ ወደ አዲሱ የአፕል ሲስተም ማለፍ አልቻለም፤ ስክሪኑ ቢያበራም ብዙ አዳዲስ አፖች አይጫኑበትም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የትኛው የሲስተም ስሪት ላይ እንዳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ እንደሆነ እዩ። አይፓድ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ እንዲወጣ አድርጉ። አካውንቱ ሳይወጣ ተጠርጎ እንደ አዲስ ከተነሳ የድሮውን የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ያን ጊዜ ሻጩ ስልኩን ላያነሳ ይችላል። ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ከዋይፋይ ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩት።