የአየር ሙቀት በመፀው በሚዘሩ ጥራጥሬዎች ዕድገትና አበባ ላይ የሚያደርሰው ለውጥ

በደጋና በወይና ደጋ፣ ጥቁር ዋልካ መሬት ባለባቸው ወረዳዎች፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። መሬቱ በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ቀደም ብሎ መዝራት አያመችም። ከዚያ ወዲያ ሰብሉ የሚያድገው አፈሩ አምቆ በያዘው እርጥበት ነው። በአገራችን የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት እምብዛም ስለማይለያይ፣ አበባው የሚወጣበትን ቀን በይበልጥ የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው።

ተክሉ የየዕለቱን ሙቀት እንደሚያጠራቅም አድርጎ ማሰብ ነገሩን ያቀልለዋል። ለምሳሌ አንድ የሽምብራ ዝርያ ለማበብ የየዕለቱ አማካይ ሙቀት ተደምሮ 900 ዲግሪ ያስፈልገዋል ቢባል፣ አማካዩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ስፍራ በ45 ቀን፣ 15 ዲግሪ በሆነበት ደግሞ በ60 ቀን ያብባል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በአንድ ወረዳ ባሉ ሁለት ቀበሌዎች መካከል የሁለት ሳምንት ልዩነት ቢታይ አያስገርምም።

መዘግየቱ ብቻውን ጉዳት ባልሆነ ነበር። ይሁንና ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ በመሆኑ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ተዳፋቱን ሳይሆን ከግርጌው ያለውን ሜዳ ነው። ቡቃያ መጠነኛ ውርጭን ችሎ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አበባና ለጋ እሸት ግን አይችሉም። ሽምብራማ ውርጭ ባይኖርም እንኳ፣ አማካዩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። በመንገድ ዳር አልፎ ማሳው አብቧል በማለት የምርት ግምት የሚያቀርብ ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ሲመለስ ሽምብራው ደግሞ ሊያብብ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በአፈሩ ውስጥ እርጥበት መኖር አለበት።

ሙቀት ሲበዛም ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በመተከልና በጋምቤላ ሲሰፍር፣ ከደጋ የመጣው ገበሬ የሚያውቀው ባቄላ ለአዲሱ መሬት የሚስማማ አልነበረም። ባቄላ በአገራችን የሚለማው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ሲሆን፣ የመተከሉ ፓዌ ከፍታ 1,100 ሜትር ያህል ነው። በእንደዚህ ያለ ሙቀት ባቄላ ፈጥኖ ቢያብብም፣ የአበባው ዱቄት ስለሚመክን ፍሬው ጥቂት ይሆናል።

ዘር ለተጎጂዎች ሲታደል ከክብደቱ ጎን ዘሩ የተመረተበት ከፍታ በጆንያው ላይ ሊጻፍ ይገባል። የማድረሻውም ቀን እንደዚሁ ነው፤ ለደጋ ቀበሌ አሥር ቀን ዘግይቶ የደረሰ የሽምብራ ዘር አበባውን ወደ ኅዳር ውርጭ ይገፋዋል።